የአሮጌው ራውተር ሁለተኛ ዕድሜ

ሊንክሲስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በዲሴምበር 2002 አንድ ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ለገበያ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ለአፍ አይመችም፤ ደብሊውአርቲ54ጂ ይባላል። ከጀርባው ሁለት የሚፈቱ አንቴናዎች፣ ለኮምፒውተሮች አራት መሰኪያ፣ ለኢንተርኔት መስመሩ ደግሞ አንድ መሰኪያ ነበረው። የውስጥ አቅሙ ትንሽ ነው፦ 125 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 16 ሜጋባይት ራም፣ 4 ሜጋባይት ማከማቻ። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሳ አንድ ጥሩ ፎቶ ያንን ማከማቻ ሊሞላው ይችላል።

ይህ ትንሽ ሣጥን ግን ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ፈጣን ራውተሮችን በዕድሜ በለጣቸው። በርሊን ጣሪያ ላይ ወጣ፤ በካታሎኒያ ገጠር ከቤት ወደ ቤት መልእክት አሻገረ፤ በሂማላያ ግርጌ የስደተኞችን ትምህርት ቤቶች አገናኘ። አሁን አንድ ሰው ከቁም ሳጥን ያወጣውን አሮጌ ራውተር ዋይፋይ ለማይደርስበት ክፍል አክሰስ ፖይንት ሲያደርገው የሚሄድበት መንገድ በአብዛኛው የተጠረገው በዚያ ሣጥን ላይ ነው። መንገዱን ያስከፈተው ደግሞ የአምራቾች ቸርነት አልነበረም። ዕቃውን የገዛው ሰው የዕቃውን ፕሮግራም መለወጥ ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ለሃያ ዓመታት የዘለቀ ክርክር ነው ያስከፈተው።

ከክርክሩ በፊት አየሩ ራሱ መከፈት ነበረበት። የሬዲዮ ሞገድ ለብዙ ዘመን ባለፈቃድ ብቻ የሚጠቀምበት ሀብት ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሜይ 1985 ከዚህ ልማድ ወጣ። የኮሚሽኑ ኢንጂነር ማይክል ማርከስ ጠንክሮ በገፋበት ሐሳብ መሠረት በ900 ሜጋኸርዝ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉ ሦስት የሞገድ ክልሎች አነስተኛ ኃይል ለሚጠቀሙ የመገናኛ መሣሪያዎች ክፍት ሆኑ፤ ተጠቃሚው የግል ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም። ክልሎቹ ቀድሞ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የተተዉ ነበሩ። የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በ2.4ቱ ክልል ውስጥ ነው፤ ምግብ ሲሞቅ ዋይፋይ የሚደናቀፍባቸው ቤቶች ያሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕድሉን ቀድመው ካዩት አንዱ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን አምራቹ ኤንሲአር ነበር። ሱቆች የውስጥ አደረጃጀታቸውን በለወጡ ቁጥር የማሽኖቹን ኬብል ነቅሎ እንደገና መዘርጋት አድካሚም ውድም ነው። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት አካባቢ የነበሩት የኩባንያው ኢንጂነሮች ለዚህ መፍትሔ ብለው ዌቭላን የተሰኘውን ገመድ አልባ ምርት ሠሩ፤ በ1990 ገበያ ላይ ዋለ። ከእነሱው መካከል ቪክ ሄይስ 802.11 ተብሎ የሚጠራውን የደረጃ መዳቢ ቡድን በሊቀመንበርነት መራ። የመጀመሪያው ደረጃ በ1997 ሲጸድቅ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ2 ሜጋቢት አያልፍም ነበር። በ1999 ወደ 11 ሜጋቢት አደገ፣ ዋይፋይ የሚለው የንግድ ስምም ወጣለት። በዚያው ዓመት አፕል ኤርፖርት ያለውን ማሰራጫ በ299 ዶላር ለቤተሰብ አቀረበ።

ራውተሩ ቤት የገባው በሌላ በር ነው። በ1990ዎቹ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች ያልቃሉ የሚል ስጋት ነበር። በ1994 አንድ አድራሻ ብዙ ኮምፒውተሮችን እንዲያገለግል የሚያደርግ የአድራሻ ትርጉም ዘዴ ታተመ፤ በ1996 ደግሞ 192.168 ብለው የሚጀምሩትና ሌሎችም የውስጥ አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ ብቻ ተለዩ። ከታይዋን ወደ አሜሪካ የሄዱት ባልና ሚስት ቪክተርና ጄኒ ጻኦ በ1988 በቤታቸው ጋራዥ የመሠረቱት ሊንክሲስ ይህንን ዘዴ በርካሽ ሣጥን ከትቶ ለተራው ሰው ከሸጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። ዋይፋይ ሲጨመርበት ደብሊውአርቲ54ጂ ተወለደ። በማርች 2003 የኔትወርክ ዕቃዎች አምራቹ ሲስኮ ሊንክሲስን 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ።

የታሪኩ መጠምዘዣ የመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በጁን 2003 አንድሩ ሚክላስ የተባለ ፕሮግራመር የራውተሩ ፋየርምዌር፣ ማለትም ሣጥኑን የሚያሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሥርዓተ ክወና ላይ የተገነባ መሆኑን ደርሶበት ጉዳዩን በአደባባይ አነሳው። ሊኑክስ የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው። የፈቃዱ ሐሳብ የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ጀማሪው የሪቻርድ ስቶልማን ሲሆን ሁለተኛው ቅጂ በ1991 ወጥቷል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ በዚህ ፈቃድ ሥር ያለን ፕሮግራም ማንም ሊወስደው፣ ሊያሻሽለውና ሊሸጠው ይችላል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን ለሚሰጠው ሰው ሶርስ ኮዱንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሊንክሲስ ሣጥኑን በብዛት ሲሸጥ ኮዱን አልሰጠም ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው ኮዱ በብዙ እጅ ስላለፈ ነው። ሊንክሲስ ቺፑን የገዛው ከብሮድኮም ነው፤ የፋየርምዌሩ ሥራ ደግሞ ሳይበርታን ወደሚባል የታይዋን ኩባንያ የተላለፈ ነበር። ሲስኮ አዲስ የገዛው ኩባንያ በማን ፕሮግራም እንደሚሠራ በቅጡ ሳያጣራ ግዴታውን አብሮ ወርሷል። የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ጥያቄውን አጥብቀው ያዙ፤ በጁላይ 2003 ኮዱ ተለቀቀ። ለብሮድኮም የሬዲዮ ክፍል የተጻፈው ድራይቨር ዝግ እንደሆነ ቆየ፤ የቀረው ግን ሊነበብና ሊሻሻል ቻለ። ተሸጦ ያለቀ የቤት ዕቃ ውስጡ ለገዢው ሲከፈት በዚህ ስፋት አልታየም ነበር።

በጃንዋሪ 2004 ለራውተር አማራጭ ፋየርምዌር የሚሠራው ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ፕሮጀክት በዚህ ኮድ ላይ ተጀመረ። ከእሱ ጎን ለጎን ዲዲ-ደብሊውአርቲ በ2005፣ ቶማቶ በ2006 ብቅ አሉ። የቀደሙት ሠሪዎች ሣጥኑን ለመክፈት የተጠቀሙበት ቁልፍ አስገራሚ ነው። በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ፣ የሌላ ኮምፒውተር መኖርን ለመፈተሽ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ከአድራሻ ይልቅ ትእዛዝ ቢጻፍ ራውተሩ ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። በዚህ ቀዳዳ ገብተው ሣጥኑ ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ ቆም ብሎ አዲስ ፋየርምዌር እንዲጠብቅ አዘዙት። ከዚያ ወዲያ ሙከራው ቢበላሽም ራውተሩን መልሶ ማንሳት ተቻለ፤ ሰው ያለ ፍርሃት መሞከር ጀመረ።

ኮዱ ሲገለጥ የሣጥኑ አሠራርም አብሮ ተገለጠ። በተለምዶ ራውተር የሚባለው ዕቃ በአንድ ቅርፊት ውስጥ የተሰበሰቡ ሦስት ሠራተኞችን ይዟል። አንዱ የቤቱን ኔትወርክ ከውጩ ዓለም ጋር የሚያገናኘው ትክክለኛው ራውተር ነው፤ አድራሻ የሚያድለውም እሱ ነው። ሁለተኛው በኬብል የተሰኩትን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች ነው። ሦስተኛው ገመድ አልባውን ወደ ገመዱ የሚያሻግረው አክሰስ ፖይንት ነው። ከመጀመሪያው በኋላ በመጡት የደብሊውአርቲ54ጂ ሥሪቶች ውስጥ የኢንተርኔቱ መሰኪያና አራቱ የኮምፒውተር መሰኪያዎች በአንድ ስዊች ላይ የተቀመጡ ነበሩ፤ የሚለያቸው ፕሮግራሙ ያሰመረው የሐሳብ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ በጥቂት ትእዛዝ ሲነሳ አምስቱም መሰኪያ እኩል ይሆናል።

አሮጌን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት መለወጥ ማለት እንግዲህ ከሦስቱ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ማሳረፍና ሁለቱን ማሠራት ነው። አሠራሩ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፤ አሮጌው ራውተር በሙሉ አቅሙ ከአዲሱ ጋር ቢሰካ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ፤ በአንደኛው ሥር ያለ ስልክ በሌላኛው ሥር ያለውን ፕሪንተር አያገኘውም፤ የቪዲዮ ጥሪና የኔትወርክ ጨዋታም አንዳንዴ በሁለት የአድራሻ ትርጉም መካከል ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ አሮጌው ራውተር ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ አድራሻው ይለወጣል። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌው 192.168.1.2 ሊባል ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ዋናው ለሌሎች ከሚያድላቸው ውጭ መሆን አለበት። ቀጥሎ ዲኤችሲፒ የሚባለው አድራሻ የማደል ሥራው ይዘጋል። በመጨረሻ ከዋናው ራውተር የሚመጣው ኬብል ከአሮጌው የኮምፒውተር መሰኪያዎች በአንዱ ይሰካል፤ የኢንተርኔት ተብሎ የተለየው መሰኪያ ባዶውን ይቀራል።

የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ ከሆነ ስልኮች ቦታ ሲቀይሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። የሬዲዮ ቻናሉ ግን መለየት አለበት። በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል የማይነካኩት ሦስቱ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ዋናው 1 ላይ ከሆነ አሮጌው 6 ወይም 11 ላይ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው ኬብሉ ነው። ያለ ኬብል ሲግናል ተቀብለው የሚያስተላልፉ ማራዘሚያዎች በአንድ ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ስለሚናገሩ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሱታል፤ በኬብል የተሰካ አክሰስ ፖይንት ይህ ጣጣ የለበትም። ውስጡ ብረት ያለበት የኮንክሪት ግድግዳ ለዋይፋይ ከባድ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው አንድ ኬብልና አንድ አሮጌ ሣጥን ከአዲስ ኃይለኛ ራውተር የተሻለ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

በርሊን ውስጥ ይህ ዕውቀት ከቤት አልፎ ሰፈር ደረሰ። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ በምሥራቅ በርሊን ብዙ ሰፈሮች ዘመናዊ የተባለ የፋይበር የስልክ መስመር ተዘርግቶላቸው ነበር። ኋላ ላይ ፈጣን ኢንተርኔት በመዳብ የስልክ ሽቦ ሲመጣ እነዚሁ ሰፈሮች መዳብ ስለሌላቸው ከአገልግሎቱ ውጭ ቀሩ። ፍሪድሪሽስሃይን በተባለው ሰፈር ያሉ ነዋሪዎች ያገኙትን መስመር በዋይፋይ መከፋፈል ጀመሩ፤ ከ2002 ጀምሮ ፍራይፉንክ በሚል ስም ተሰባሰቡ። የራሳቸው ፋየርምዌር የተሠራው በኦፕንደብሊውአርቲ ላይ ነው፤ ዋና ሣጥናቸውም ደብሊውአርቲ54ጂ ሆነ። እያንዳንዱ ራውተር የጎረቤቱን መልእክት ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ያሻግራል፤ አንዱ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላ ጣሪያ ይዞራል። መንገድ የሚመርጠውን ፕሮግራም ራሳቸው አሻሻሉት፤ ባትማን የተባለ አዲስ ፕሮቶኮልም ከመካከላቸው ወጣ።

ችግሩ የመጣው ከሕግ በኩል ነው። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በሜይ 2010 ዋይፋዩን በበቂ ሁኔታ ያልጠበቀ ሰው፣ ሌላ ሰው በመስመሩ ለፈጸመው የቅጂ መብት ጥሰት የማስጠንቀቂያ ወጪ ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። ክፍት ዋይፋይ መስጠት አስፈሪ ሆነ። የፍራይፉንክ ሰዎች የተጠቃሚዎቻቸውን ግንኙነት በሌላ አገር በኩል እያዞሩ ሥራቸውን አላቆሙም። ፓርላማው በ2017 ሕጉን ሲያሻሽል ይህ ተጠያቂነት በእጅጉ ቀለለ።

በካታሎኒያ ኦሶና አውራጃ የጉርብ ነዋሪ የሆነው ራሞን ሮካ ሌላ ዓይነት እጥረት ገጠመው፤ የቴሌፎን ኩባንያዎች ለተበታተኑ የገጠር ቤቶች ፈጣን መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ብለው ነበር። በ2004 እሱና ጎረቤቶቹ ፋየርምዌራቸው ሊለወጥ የሚችል ርካሽ ራውተሮች ገዝተው ከቤት ወደ ቤት አያያዙ። ጊፊ-ኔት ተብሎ የተጠራው ይህ ኔትወርክ በ2008 ፋውንዴሽን መሠረተ፤ በኋላ ከ30,000 በላይ የግንኙነት ነጥቦች ያሉት ሆነ፣ ነዋሪዎቹም ፋይበር ወደ መዘርጋት ተሻገሩ። የመተዳደሪያ ሰነዱ ማንም እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የገባ ሰው የዘረጋው ክፍል ደግሞ ለሌላው ማለፊያ ይሆናል።

ሕንድ ከቤት ውጭ የሚዘረጋ ዋይፋይን ከፈቃድ ነፃ ያደረገችው በ2005 መጀመሪያ ነው። በፌብሩዋሪ 2005 በዳራምሳላ፣ የቲቤት ስደተኞች በሚኖሩበት ተራራማ ከተማ፣ የማኅበረሰብ ኔትወርክ ሥራ ጀመረ፤ ወሩ ሳያልቅ ስምንት ግቢዎችን አገናኘ። ኋላ ወደ 30 የሚጠጉ ጣቢያዎች ኖሩት፤ ከ2,000 በላይ ኮምፒውተሮችም ተያያዙበት። ሁሉም የሚካፈሉት የኢንተርኔት መስመር በድምሩ በሴኮንድ 6 ሜጋቢት ነበር። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ በ12 ቮልት የሚሠራ ራውተር ከባትሪና ከፀሐይ ኃይል ጋር ይስማማል፤ አንዱ ጣቢያ ሲጠፋም ኔትወርኩ በራሱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የዚህ ሥራ ልምድ ለታዳጊ አገሮች በተዘጋጀ የገመድ አልባ ኔትወርክ መጽሐፍ ውስጥ ተካቶ በነፃ ተሰራጨ።

ሊንክሲስ በበኩሉ ዝምታ አልመረጠም። በ2005 የወጣው አምስተኛው የደብሊውአርቲ54ጂ ሥሪት መልኩ ያው ሆኖ ውስጡ ተለውጦ ነበር፤ ሊኑክስ ቀርቶ ቪኤክስወርክስ የተባለ ዝግ ሥርዓት ገባ፣ ማከማቻው ወደ 2 ሜጋባይት፣ ራሙ ወደ 8 ሜጋባይት ወረደ። ዋጋው ቀነሰ፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ፋየርምዌር እንደ ልብ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ቅሬታው ሲበዛ ኩባንያው አሮጌውን አሠራር በአዲስ ስም መልሶ አመጣው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ሊኑክስን የሚወክል አንዲት ፊደል ተጨመረችና ደብሊውአርቲ54ጂኤል ሆነ። ይህ ሥሪት ፍጥነቱ በአዳዲሶቹ እጥፍ ድርብ ከተበለጠ በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ ሲሸጥ ቆየ፤ በ2016 እንኳ ገና ገበያ ላይ ነበር። ገዢው ለፍጥነት ሳይሆን መለወጥ ለሚችለው ዕቃ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ቀጣዩ ፈተና ከተቆጣጣሪዎች መጣ። በ5 ጊጋኸርዝ ክልል አንዳንድ የተሳሳተ ማስተካከያ ያላቸው መሣሪያዎች የአየር ሁኔታ ራዳሮችን ያውኩ ነበር። የአሜሪካው ኮሚሽን የሬዲዮ ክፍሉ በተጠቃሚ እንዳይለወጥ የሚያስገድድ መመሪያ ሲያወጣ፣ አምራቾች ሬዲዮውን ብቻ ከመቆለፍ ይልቅ ሣጥኑን በሙሉ መቆለፍ ይቀላቸዋል የሚል ስጋት በ2015 ተነሳ። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ኖቬምበር መመሪያውን አስተካክሎ፣ ዓላማው ሌላ ፋየርምዌርን መከልከል እንዳልሆነ አስታወቀ። በኦገስት 2016 ደግሞ ራውተር አምራቹ ቲፒ-ሊንክ የማስተላለፊያ ኃይል ደንብ በመጣሱ 200,000 ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ በሌሎች ወገኖች የተሠራ ፋየርምዌር በራውተሮቹ ላይ እንዲሠራ መንገድ ለመፈለግም ቃል ገባ። የአየር ሥርዓት መጠበቁ ትክክል ነው፤ ለዚያ ሲባል ግን የሣጥኑ ባለቤት ከሣጥኑ መባረር አልነበረበትም።

ይህ መብት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አምራቹ ዕቃውን በተወው ቀን ነው። ራውተር ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ነው፤ የደኅንነት ማሻሻያ ከተቋረጠበት ለሰርጎ ገቦች በር ይሆናል። በሜይ 2018 ይፋ የሆነው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን በ54 አገሮች ይዞ ተገኝቷል። በሜይ 2025 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ወንጀለኞች ድጋፋቸው ያበቃ ራውተሮችን እየያዙ ማንነታቸውን ለመሸሸግ እንደሚጠቀሙባቸው አስጠነቀቀ፤ ከዘረዘራቸው ሞዴሎች መካከል የሊንክሲስ ኢ1200 እና ደብሊውአርቲ310ኤን ነበሩ።

አሮጌ ሣጥን ከመሳቢያ ሲወጣ እንግዲህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው አሁንም ማሻሻያ የሚያገኝ መሆኑ ነው። አምራቹ ከተወው፣ ኦፕንደብሊውአርቲ ይደግፈው እንደሆነ ሞዴሉና የሥሪት ቁጥሩ ከጀርባው ተነብቦ ይጣራል፤ በአንድ ስም የወጡ ሁለት ሥሪቶች ውስጣቸው ፍጹም የተለያየ ሊሆን እንደሚችል ከ2005ቱ ታሪክ ታይቷል። ከዋናው ራውተር ጀርባ አክሰስ ፖይንት ሆኖ መቀመጡ ከውጭ በቀጥታ እንዳይነካ ይረዳዋል፤ ያም ቢሆን የቤቱ ሁሉ ምስጢር በእሱ በኩል ያልፋል። ቢያንስ ደብሊውፒኤ2 የሚባለውን ጥበቃ የማይችል ከሆነ፣ በ2001 ደካማነቱ በተጋለጠው፣ ዌፕ በሚባለው አሮጌ ጥበቃ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ለዋይፋይ አይበቃም፤ ሬዲዮው ተዘግቶ በስዊችነት ብቻ ሊያገለግል ይችላል። ደብሊውአርቲ54ጂ ራሱም ዕረፍቱን አግኝቷል፤ 4 ሜጋባይት ማከማቻና 32 ሜጋባይት ራም ወይም ከዚያ በታች ያላቸው መሣሪያዎች ለአዲሶቹ የኦፕንደብሊውአርቲ ሥሪቶች ጠብበዋል።

ፕሮጀክቱ ግን በ2024 መጨረሻ፣ ሃያኛ ዓመቱን በያዘበት ወቅት፣ ከነፃ ሶፍትዌር ድርጅቱ ከሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ጋር ሆኖ የራሱን ራውተር ኦፕንደብሊውአርቲ ዋን ብሎ አወጣ። ሲወጣ ሙሉ ዕቃው 89 ዶላር ነበር፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭም 10 ዶላር ለፕሮጀክቱ እንዲውል ተደረገ። ፋየርምዌሩ በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች ይቀመጣል፤ አንዱ ሲበላሽ በመቀየሪያ ወደ ሌላው ይታለፍና ሣጥኑ ከመጠባበቂያው ይነሳል። በ2004 ሠሪዎች በአንድ የፕሮግራም ቀዳዳ ሾልከው ያገኙት ሞክሮ የመሳሳት ዕድል አሁን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ ሶርስ ኮዱም ገዢው መጠየቅ ሳያስፈልገው ክፍት ነው።